ለባለቤቴ ያልነገርኳት



በእኛ ባህል ሰው ሚስቱን በሰው ፊት አያመሰግንም። አባቴ ቄስ ነበሩ። እናቴን እጅግ ያከብሯት ነበር፤ ነገር ግን «ወጥሽ ጣፈጠ» ሲሏት እንኳ ሰምቼ አላውቅም። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝና ይህን ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ባለቤቴ እዚህ አሽዶድ፣ ከወደቡ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የልጆች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ሆናት። ልጆቻችን ካዱርሳል የሚሉት ጨዋታ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ ውስጥ ሲጀምረው ኳሱ የሚገባው እውነተኛ የኮክ ቅርጫት ውስጥ ነበር፤ በገባ ቁጥር ሰው ወጥቶ ያወርደው ነበር። ይህን ስሰማ «ቅርጫቱስ የእናቶቻችን ሥራ ነው!» ብዬ ሳቅሁ።

እውነቱን ልንገራችሁና ሥራዋን አልወደውም ነበር። ማታ ማታ ቤት የለችም። እራት የማሞቅ እኔ፣ የልጆቹን የቤት ሥራ የማይ እኔ። «የሰው ልጅ ስታሳድጊ የራስሽን ረሳሽ» ያልኳትም ቀን አለ። ዝም አለችኝ።

አንድ ምሽት የቤት ቁልፍ ረስታ ሄደች። ላደርስላት ወደ አዳራሹ ገባሁ። ግጥሚያ ላይ ናቸው። አንዲት ልጅ ኳስ ባገባች ቁጥር ዞር እያለች ወንበሮቹን ታያለች። አባቷ ወደብ ላይ የማታ ፈረቃ ነው፣ እናቷም ሥራ ላይ። ወንበሩ ባዶ ነው። ያኔ ባለቤቴ ስሟን ጠርታ ታጨበጭብላታለች። ልጅቱ ስትስትም ያው ነው፤ ስሟን ትጠራለች፣ ታጨበጭባለች። እኔ ብሆን ስሕተቷን በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለዚች ልጅ ጠየቅኋት።

ባለቤቴ በሱዳን በኩል በ1984 በሙሴ ዘመቻ ስትመጣ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። የመጣችው ከአጎቷ ጋር ነው። ወላጆቿ ጎንደር ቀርተው በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደረሱ። እስከዚያ ድረስ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ኳሱንም የተማረችው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ያን ምሽት ግን «እኔም ኳስ ሳገባ ወንበሮቹን አይ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

አይ እኔ! መምህር ነኝ እያልኩ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ባዶ ከነበሩት ወንበሮች አንዱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሄዳለሁ። ልጆቹን «በልታችኋል?» ብላ ስትጠይቅ፣ ከቦርሳዋ ዳቦ ስታወጣ፣ ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ ሄዳ በር ስታንኳኳ አይቻለሁ። አባቴ ኦሪትን ሲያስተምሩኝ አንዱን ቃል እስኪገባኝ ድረስ ሳይቆጡ ያስደግሙኝ ነበር። እሷም እንደዚያው ናት።

ወላጆች ሆይ፣ ብዙዎቻችን «ኳስ ሥራ ፈትነት ነው» እንላለን። ዕብራይስጡም ስለሚከብደን እዚያ መታየት እናፍራለን። ለመቀመጥ ዕብራይስጥ አያስፈልግም፤ የጨዋታውን ሕግ ማወቅም ግድ አይደለም። ፈረቃ የሌላችሁ ቀን ብቅ በሉ። ልጃችሁ ዞር ሲል ይያችሁ።

ባለቤቴ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም፤ የተማረችው በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ መጽሔቱ ሲወጣ ይህን ጽሑፍ ቁጭ ብዬ የማነብላት እኔው ነኝ። እንግዲህ ማምለጫ የለኝም።