ከደንገጎ አቀበት እስከ መኪና ግርግር

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው መንገድ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ርቀቱ አጭር ይሁን እንጂ አየሩ ሁለት ነው። የቆላውን ሙቀት ወደ ኋላው ትቶ ጠመዝማዛውን የደንገጎ አቀበት የወጣ መንገደኛ፣ ከተራራው ጫፍ ሲደርስ ቀዝቃዛ ነፋስ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ አዴሌ፣ ሐረማያና አወዳይ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ የነበረውን የሐረማያ ሐይቅ እንደገና ውኃ ይዞ ማየት ለመንገደኛ ታላቅ ደስታ ነው። በግራና በቀኝ የጫትና የማሽላ ማሳ እየታየ ጉዞው ወደ ጥንታዊቷ ሐረር ያመራል።

ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የምናወጋው ግን ስለ አንዲት ልዩ ጉዞ ነው፤ የሰመጠ የመኪና መቀመጫ ለማስጠገን፣ ከዚያም በላይ የበደልነውን ሰው ለመካስ ስላደረግናት ጉዞ።

ክፍላችን የቆዳ መቀመጫ ያላት አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር አለችው። በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የምታደርስ፣ የአባላትን ቤተሰብ የምታመላልስ ባለውለታ ናት። ሾፌሯ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ አንድ አንጋፋ ሃምሳ አለቃ ናቸው። አንድ ሌሊት የባልደረባችን ባለቤት ምጥ ይዟት ወደ ሐረር ስትወሰድ፣ ሃምሳ አለቃው አቀበቱ ላይ ሁለት ጊዜ መኪናዋን አቁመው ወረዱ። እናቲቱ በሰላም ተገላገለች። ባልየው ግን የዚያችን ሌሊት ጭንቀት ሊረሳ አልቻለምና አቤቱታ አቀረበ። እኛም የሠራዊቱን ሞራል የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለብን እንደመሆናችን፣ ሃምሳ አለቃውን በስብሰባ ላይ አስነሥተን በቸልተኝነት ገሠጽናቸው። እሳቸውም «ይቅርታ» ብለው ከመቀመጥ በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ከሳምንት በኋላ እሳቸው ፈቃድ ላይ ስለነበሩ መሪውን እኛው ይዘን በዚያው መንገድ ወጣን። ገና አቀበቱን ሳናጋምስ ወገባችን እንደ እሳት ይለበልበን ጀመር። ወንበሩ ወደ ኋላ ሰምጦ ዳሌያችንን ይጎትተዋል፤ ጉልበታችን ሽቅብ ወጥቷል፤ ፍሬን ለመርገጥ እግራችንን መዘርጋት ግድ ሆነብን። ከሥር አንድ ሹል ነገር በየጉድጓዱ ይወጋናል። በመጨረሻ መኪናዋን ዳር አስይዘን ወረድን። ዙሪያችንን ስንመለከት የቆምነው ሃምሳ አለቃው ቆመዋል በተባለበት ኩርባ ላይ ነበር። በወጣት ወገብ እንዲህ ከሆነ በእሳቸው ወገብ እንዴት ይሆን? ስንል ራሳችንን ጠየቅን።

ሃምሳ አለቃው ከፈቃድ ሲመለሱ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅናቸው። «መቶ አለቃ፣ ወገቤን አመመኝ ብል ከመሪው ያነሡኛል ብዬ ፈራሁ» አሉን። ወንበሩ ሥር አጣጥፈው የወሸቁትን ጆንያም አሳዩን። በማግስቱ አብረን ወደ ሐረር ተጓዝን።

እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል ከቆዳ ጋር የቆየ ዝምድና አላት። ነጋዴዎቿ ከቡና ጋር ቆዳ ወደ ባሕር ማዶ ይልኩ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ በዚህች ከተማ የሠራው የቡናና የቆዳ ንግድ ነበር። የመጽሐፍ ጥረዛ ባለሙያዎቿም ስመ ጥር ናቸው። የፈረስ ገበያ ማለት በሆነው በፈረስ መጋላ፣ ፔጆ 404 ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት ተሰልፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው። ያን ያህል ዘመን መኪና የሚያኖር ከተማ መቀመጫ መጠገን እንደማይሳነው አልተጠራጠርንም።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ያወጣለት በግራና በቀኝ የተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። ከሰፊዎቹ ለአንዱ የመቀመጫውን ሁኔታ ገለጽንለት። ሰውየው ሥራ ይሻማል ብለን ስንጠብቅ፣ «የኔ መርፌ የጨርቅ ነው፤ ቆዳችሁን አበላሽባችኋለሁ» ብሎ ከግንቡ ውጭ ወዳለ የመቀመጫ ሠሪ ላከን። እውነቱን ተናግሮ ገበያውን ለሌላ ያሳለፈ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

በጣልያንኛው ቃል ታፔሴሪያ በሚባለው ሙያ ያረጁት ሠሪ መቀመጫውን በጡጫቸው ደቅ ደቅ አደረጉት። እኛ ቆዳው ስለላላ በአዲስ እንዲለወጥ ነበር የፈለግነው። አረጋዊው ግን ሣቁና «ልጆቼ፣ ቆዳ ቆዳ ትላላችሁ፤ ቆዳው ምን አደረገ? የታችኛው ነው ጥሎት የሄደ» አሉን።

አራቱን ብሎኖች ፈትተው ወንበሩን አወጡ። ኤርባግ ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ከወንበሩ ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ስለሚያልፍ፣ አስቀድሞ ባትሪውን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት እንደሚገባ አስጠነቀቁን። ቆዳውን የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ሲፈቱ ገመናው ተገለጠ። እንደ እባብ ከተጠማዘዙት የሽቦ ሞላዎች ሦስቱ ከመያዣቸው ወልቀዋል፤ በሞላውና በስፖንጁ መካከል ያለው ጨርቅ በስብሷል፤ ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የወጋን የአንደኛው ሞላ ጫፍ ነበር።

ሥራው እንዲህ ተከናወነ። የወለቁት ሞላዎች ወደ ቦታቸው ተመልሰው አንዱ ከሌላው ጋር በሽቦ ታሰረ። በላያቸው ወፍራም ሸራ ተወጠረ። ከሸራው በላይ ጠንካራ ስፖንጅ በአሮጌው ልክ ተቆርጦ ተደረገ፤ ለስላሳና ስስ የሆነው ከሁሉም በላይ ዋለ። ማስቲሹ የተቀባው ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ ሲደርቅ ይጠጥራልና መካከሉን ቢነካ ተቀማጩን ይጎረብጠዋል። አሮጌው ስፖንጅ ሳይወጣ በላዩ አዲስ መጠቅጠቅስ? አረጋዊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆዳው ለጥቂት ቀን ይወጠራል፤ ወዲያው ግን ስፌቱ ይተረተራል።

የላላው ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ታሽቶ ለብ ባለ እንፋሎት ከውስጥ በኩል ተመታ። ሲለሰልስ ከመካከል ወደ ዳር እየተሳበ ተወጠረ። ሙቀቱ ከበዛ ቆዳ ይኮማተርና ይደርቃል። የተከፈተውን ስፌት በሰም በተነከረ ክር፣ በዱሮዎቹ ቀዳዳዎች እየተከተሉ በእጅ ሰፉት። አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው አጠገብ ቢበሳ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል።

አመሻሹ ላይ ሃምሳ አለቃው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸው ቀና፣ ጉልበታቸው ዝቅ አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው መሪውን ያዙ። ከዚያም ወርደው የአረጋዊውን እጅ ሳሙ። ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ ያንን ኩርባ ሳይቆሙ አለፉት።

በተከታዩ ስብሰባ ተግሣጹን በሰጠንበት መድረክ ተነሥተን ስሕተቱ የእኛ መሆኑን አስታወቅን። አቤት ያለው ባልደረባችንም ከመቀመጫው ተነሥቶ ሃምሳ አለቃውን አቀፋቸው። ሰውን ከመገሠጽ በፊት በተቀመጠበት ተቀምጦ ማየት እንደሚገባ ከዚያ ቀን ወዲህ አልዘነጋንም።

ለቤተሰብ ዓምዳችን

ከአረጋዊው የቀሰምነው ምክር ለቤት ሶፋም ይጠቅማል። መቀመጫው መስመጥ ሲጀምር በጡጫ ጫን ብላችሁ ፈትሹ፤ ብረት ከተሰማችሁ ወይም ሲንቋቋ ከሰማችሁ ሞላው ሳይበጠስ አሳዩት። ቆዳን በለስላሳ ሳሙናና ተጨምቆ በወጣ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቤንዚን፣ በረኪናና የምግብ ዘይት አታስነኩት። ከእሳትና ከፀሐይ አርቁት። የሚገለበጥ ትራስ ካለው በየጊዜው ገልብጡት። ልጆችም በላዩ እንዳይዘሉ ምከሯቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የቤታችሁ አባወራ ከመሪ ወርዶ ወገቡን ይዞ ሲገባ በዝምታ አትለፉት፤ ወንበሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት።