ሰልፉ ላይ አንደኛ የነበሩት እናት

"ሳንሱሲ" በፈረንሳይኛ ጆሮ ሲሰማ "ያለ ጭንቀት" ማለት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ለታክሲ ተሳፋሪዎች አፕ ለመሥራት አስበን ሰፈሬ ውስጥ አስራ ሁለት ሰዎች አነጋገርኩ። ድምፃቸውን ቀድቼ ወደ ጽሑፍ ገለበጥኩ። ከዚያ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፦ ንግግሩን ቆራርጬ ኤክሴል ላይ ደረደርኩ፣ ቆጠርኩ። "የሰልፍ ችግር" በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በቃ፣ የሰልፉን ርዝመት በስልክ የሚያሳይ አፕ እንሠራለን።

ግን ቅጂዎቹን ደግሜ ስሰማ አንድ ነገር ከነከነኝ። እዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ሁሉም የተስማማ ይመስላል። ሰዎቹ ግን አልተስማሙም።

ሩሲያዊው ሚኻይል ባኽቲን በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ ዶስቶየቭስኪ መጽሐፍ አሳትሟል። የልቦለዶቹ ሰዎች በደራሲው ድምፅ ሳይዋጡ እርስ በርስ ይነጋገራሉ ይላል። በኋላ የመጡ አጥኚዎች ይህን ሐሳብ ወደ ቃለ መጠይቅ ወሰዱት፦ የተሳታፊዎችን ቃል በጭብጥ ከመቁጠር ይልቅ አንዱ ለሌላው እንዲመልስ አድርጎ ማንበብ። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ"በላ ልበልሃ" ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ነበር የሚከራከሩት።

እኔም ሞከርኩት። ደንቤ አንድ ነበር፦ ከራሴ አንድም ቃል አልጨምርም።

ጎመን ሻጯ እናት፦ "ሸክሜን ሲያዩ የሁለት ሰው ቦታ ትይዣለሽ ይሉኛል።"
ተማሪው፦ "እኔ ቦርሳ ብቻ ነው የምይዘው፣ ቶሎ እገባለሁ።"
ሹፌሩ፦ "ለባለመኪናው የቀን ገቢ አለብኝ። ባዶ ወንበር ከኪሴ ነው።"

ሦስቱም ሠንጠረዡ ላይ "የሰልፍ ችግር" ነበሩ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ፦ እኚህ እናት ሰልፉ ላይ አንደኛ ሆነውም ይቀራሉ። የእኔ አፕ አንደኛ መሆናቸውን በደንብ ያሳያቸዋል፣ አያሳፍራቸውም።

ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና አነበብኩላቸው። ጎመናቸውን እያሰሩ በጸጥታ ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ከሰውዬው ጋር መቼ ተነጋገርን?"

"አልተነጋገራችሁም፣ እማማ። እኔ ነኝ ያገናኘኋችሁ።"

"ታዲያ የመጨረሻውን ቃል ለምን ለሱ ሰጠኸው? መልስ እኮ አለኝ።"

አፈርኩ። ቃል አልጨመርኩም፤ ግን ማን እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚዘጋ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ተሟጋቾቹን አቁሜ ሳይነገረኝ ዳኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ስልኬን አውጥቼ መቅጃውን ከፈትኩ።

"እሱ ባዶ ወንበር ከኪሴ ነው ካለ፣" አሉ፣ "ለሸክሜ ልክፈል ስለው ለምን አይሰማኝም?"

ይህ ሐሳብ ከአስራ ሁለቱ ቅጂዎች አንዱም ላይ አልነበረም። ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ሹፌሩ ጋ እሄዳለሁ፤ አሁን ተራው የሱ ነው።