ለእንግዳ የማይታየው ፊልተር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለገባ ሰው ዘመድ ብዙ ነገር ያሳየዋል፤ የምድጃውን አለኳኮስ፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞስታት። የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ማሽኑን ፊልተር የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ቤት የሚናፈሰው መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ሲበርድም ጋቢ ይደረባል። ስለዚህ ፊልተር መቀየርን ከእናት ከአባቱ አይቶ ያደገ የለም ማለት ይቻላል።

ማሽኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ትልቅ ማራገቢያ የቤቱን አየር በግድግዳ ወይም በጣሪያ ፍርግርግ ይስባል፤ በፊልተሩ አሳልፎ ያሞቀዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ በየክፍሉ ይመልሰዋል። በአብዛኛው የአሜሪካ ቤት ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የቤቱን አየር ነው የሚያዞረው። ሳሎን የተቆላው ቡና ጭስ ሕፃኑ የተኛበት ክፍል የሚደርሰውም በዚሁ መንገድ ነው።

ፊልተሩ ሲደፈን ቀድሞ የሚጎዳው ማሽኑ ነው። በሙቀቱ ወራት የማቀዝቀዣው ቱቦ በቂ አየር ስለማያገኝ በረዶ ይጋገርበታል፤ ኤሲው ቀኑን ሙሉ እየሠራ ቤቱ አይቀዘቅዝም። በብርዱ ወራት ደግሞ የጋዝ ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግልና ለደኅንነት ሲባል በራሱ ይጠፋል፤ በረድ ሲል ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የተደፈነን ፊልተር በንጹሕ መተካት የኤሲውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል።

መቀየሩ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ከቴርሞስታቱ ይጠፋል። ፊልተሩ አፓርትመንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከፍርግርጉ ጀርባ ወይም ማሽኑ ባለበት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቤዝመንት ባለው ቤት ደግሞ ከማሞቂያው አጠገብ ባለ ጠባብ መክተቻ ውስጥ ይገኛል። አሮጌው ቀስ ተብሎ ሲሳብ አንድ ፊቱ እንደ ባዘቶ ባለ ግራጫ አቧራ ተሸፍኖ ይወጣል። ልኩ በካርቶን ጠርዙ ላይ ተጽፏል፦ 16 በ20 በ1፣ ወይም 20 በ25 በ1 ኢንች። አዲሱ በዚያው ልክ ይገዛል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማሽኑ እንዲያመለክት ተደርጎ ይገባል። የተቀየረበትን ቀን እዚያው በእስክሪብቶ መጻፍ ከመዘንጋት ያድናል።

ጥያቄ የሚበዛው ሱቅ ውስጥ ነው። ማሸጊያው ላይ «መርቭ» የሚል ቁጥር አለ፤ ከፍ ባለ መጠን ፊልተሩ ደቃቅ ብናኝ ይይዛል። መርቭ 8 ከ3 እስከ 10 ማይክሮን ስፋት ካለው ብናኝ ቢያንስ 70 በመቶውን ያስቀራል፤ ለአቧራና ለአበባ ብናኝ ጥሩ ነው። የቡናና የዕጣን ጭስ ግን አብዛኛው ከ1 ማይክሮን በታች ነው። መርቭ 13 ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮን ካለው ቢያንስ ግማሹን ይይዛል። በጁን 2023 የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ የዋሽንግተንን ሰማይ ሲያለብስ አስም ላለበት ቤተሰብ ይህ ልዩነት ትልቅ ነበር። ሆኖም ሁሉም ማሽን 13ን አይችልም፤ ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር ደካማ ማራገቢያን ያፍናል። የማሽኑን መመሪያ ማየት ወይም ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፊልተሩ የሚያጣራው ማራገቢያው ሲዞር ብቻ ነው። ቡና በሚፈላበት ሰዓት የቴርሞስታቱን ፋን ከ«ኦቶ» ወደ «ኦን» ማዞር፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የምድጃ ማራገቢያ ካለም አብሮ ማብራት ጭሱን ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር ግን ጠንከር ተደርጎ መነገር አለበት። የትኛውም የቤት ፊልተር ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይዝም። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል። መስኮት ቢከፈትም እንኳ ቤት ውስጥ ለጀበናም ለዕጣንም ከሰል ማንደድ አይገባም፤ የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም በየመኝታ ቤቱ አቅራቢያ ይኑር።

ስንት ጊዜ ይቀየር? ስሱ የፋይበር ግላስ ፊልተር በየወሩ ይቀየራል፤ እጥፋት ያለው ባለ 1 ኢንች እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ቡናና ዕጣን በማይጠፋበት ቤት ግን በየወሩ አውጥቶ ማየት ነው። ተከራይ የሆነ ሰው ማን እንደሚቀይረው ውሉን ይመልከት፤ የሕንፃው ጥገና ክፍል ከሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ፍርግርጉ ጣሪያ ላይ በሆነበት ቤት ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆች ደግሞ መሰላል መውጣቱ የእነሱ ሥራ መሆን የለበትም፤ እሑድ ሊጠይቃቸው የሚሄድ ልጅ ልኩን ጠይቆ አንድ ፊልተር ይዞ ይሂድ።