ኤፍ ስንት ያስከፍላል?

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ሐበሻ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ኮሌጅ ሲያወሩ ክፍያው ይነሳል፣ የመጽሐፉ ዋጋ ይነሳል፣ ፓርኪንጉ ሳይቀር ይነሳል። ኮርስ መውደቅ፣ ማለትም ኤፍ፣ ግን አይነሳም። አገር ቤት ግቢ የኖረ ሰው ይህ ይገርመዋል። በእኛ ጊዜ ኤፍ የአደባባይ ነገር ነበር። ውጤት በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ በአይዲ ቁጥር ይለጠፍ ነበር፤ ስም የለበትም ይባል እንጂ የዶርም ጓደኛውን አይዲ በቃሉ የማያውቅ ማን ነበር? ልጁ ሰሌዳው ጋ ሳይደርስ ወሬው ካፌ ገብቷል።

ከወሬው የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ኢንጂነሪንግ ገብቶ አፕላይድ ማትስ አንድ ላይ ኤፍ ያገኘ ልጅ አፕላይድ ሁለትን መውሰድ አይችልም፤ እሱን ተከትለው የሚመጡትም ይቆለፉበታል። ከባቹ ወርዶ ከታች ከመጡት ጋር ይቀመጣል። አማካዩ ሲወርድ መጀመሪያ ዋርኒንግ፣ ከዚያ ኤዲ (አካዳሚክ ዲስሚሳል) ነው። ኤዲ የተባለ ልጅ ፍራሹን አስረክቦ፣ ክሊራንሱን አስፈርሞ ከግቢ ይወጣል። ዋናው ጣጣ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሰፈርተኛው መርቆ የሸኘው ልጅ በየካቲት ሻንጣውን ይዞ እንዴት ይመለሳል? ቤተሰቡ ግቢ እንዳለ እያሰበ፣ ሪአድሚሽን እስኪከፈት ከተማ ውስጥ የቀን ሥራ እየሠራ የሚደበቅ አለ። ነገሩ የገባቸው ደግሞ ከፋይናል በፊት ዊዝድሮዋል ሞልተው ይሄዳሉ፤ ዓመት ይባክናል፣ ኤዲው ግን ይቀርላቸዋል።

ገንዘብ በዚህ ሁሉ ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ፤ ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ነገር ግን ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለዚያ ዕዳ ያሰበ ልጅ አላየሁም።

አሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። የሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫም ሆነ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የሚማር ልጅ የወደቀበትን ኮርስ በሚቀጥለው ሴሚስተር፣ አንዳንዴም በሰመር ይደግመዋል። ብዙ ኮሌጆች ሲደገም አዲሱን ውጤት ብቻ አማካዩ ላይ ይቆጥራሉ። ባች የሚባል ነገር ስለሌለም ወደ ኋላ መቅረቱን የሚያይ የለም። ክፍያው ግን በክሬዲት ነው፤ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ የደገመ ሁለቴ ከፍሏል።

ፋፍሳ የተባለውን የድጎማ ማመልከቻ ሞልቶ በመንግሥት ድጎማ ለሚማር ደግሞ ደንቡ ይጠብቃል። አብዛኞቹ ኮሌጆች ከተመዘገበበት ክሬዲት ቢያንስ 67 በመቶውን እንዲያልፍ፣ አማካዩም ከ2.0 እንዳይወርድ ይጠይቃሉ። 12 ክሬዲት ተመዝግቦ ሁለት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ የወደቀ ልጅ 50 በመቶ ላይ ነው ያለው፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ካላሻሻለ ድጎማው ይቆማል። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል ድጎማም ቢሆን በዕድሜ ልክ የሚከፍለው ለ12 ሴሚስተር ያህል ነው፤ በኤፍ ያለቀውም ሴሚስተር ከዚያው ይቀነሳል። በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ከተባረረማ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ ወላጅ ላያውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ፌርፓ የተባለው ሕግ ኮሌጆች የተማሪን ውጤት ያለ ፈቃዱ ለሌላ እንዳያሳዩ ይከለክላል። በወላጁ የግብር ወረቀት ላይ ጥገኛ ተብሎ ከተመዘገበ ኮሌጁ ለወላጁ ሊነግር ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ስለዚህ እናት ሁለት ሥራ እየሠራች «ልጄ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል» ትላለች፣ ልጁ የሁለተኛ ዓመት ክሬዲት አልሞላም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የአገር ቤቱ ኤፍ ይጨክናል፣ የዚህኛው ግን ያዘናጋል። እዚያ ወሬውን የሰሙት የዶርም ልጆች ራሳቸው ኖት ይሰጡታል፤ ሲኒየሩ የድሮ ፈተና ያቀብለዋል። ጮክ ብሎ የሚስቅበትም አይጠፋም፣ ብቻውን ግን አይተዉትም። እዚህ የወደቀ ልጅ ውጤቱን መኪና ውስጥ ስልኩ ላይ አይቶ ወደ ማታ ፈረቃው ይነዳል። ደግሞ ብዙዎቹ የሚወድቁት ፈረቃው እንቅልፋቸውን ስለሚበላው ነው እንጂ ሰንፈው አይደለም።

ወላጆች፣ ልጃችሁን በጭቅጭቅ አትጀምሩት፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቁት። ልጆች፣ ኮርሱ አልሄድ ካላችሁ አድቫይዘራችሁን ቶሎ አግኙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድሮፕ ያደረገ ገንዘቡ ይመለስለታል። ያ ጊዜ ካለፈ የሚቀረው ኮርሱን አቋርጦ ደብልዩ መያዝ ነው፤ ደብልዩ አማካይ አይነካም፣ ከ67 በመቶው ስሌት ግን አያስመልጥም፣ ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ አያስመልስም። የድሮፕም የደብልዩም የመጨረሻ ቀኖች ኮሌጃችሁ ካላንደር ላይ ተጽፈዋል፤ ዛሬውኑ እዩዋቸው።