ቁልቁል ወደ አዲስ ዓለም



አላህ (ሱ.ወ) በምድር ላይ ተጉዘን የቀደሙትን ሰዎች ፍጻሜ እንድናስተውል በቁርኣኑ ደጋግሞ አዞናል። ይህን ለልጆች በቃል ስናስተምር ኖረናል፤ በእግራችን የሞከርነው ግን በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በደብረ ማርቆስ ከምናስተምራቸው ልጆች ጥቂቶቹን ይዘን ጎንደር ሄድን።

ለጎጃም ሙስሊም ጎንደር ባዕድ አይደለችም። በ19ኛው መቶ ዘመን በየጁቤ በሚቆመው የባሶ ገበያ፣ ከእናርያ የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር ይገናኝ ነበር። ያንን ሸቀጥ ጭነው፣ በጎንደር አድርገው እስከ ምጽዋ የሚያደርሱት በአብዛኛው ጀበርቲ ነጋዴዎች ነበሩ። ስለዚህ የአባቶቻችንን መንገድ ተከትለን ሄድን ማለት ይቻላል።

ጉብኝቱን የጀመርነው ከላይ፣ ከፋሲል ግቢ ነው። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት ከተማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ግንቡን አይተው አልጠግብ አሉ። አንዱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን እጁን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ፣ «ኡስታዝ፣ ያምራል፤ ግን የእኛ አይደለም» አለን። ታሪክ አስተማሪ ሆነን ሳለ መልስ አጣን። «በሉ እንውረድ» ብቻ አልን።

ከፒያሳ ቁልቁል መንገዱ ወደ ቀሃ ወገን ይወርዳል። እየወረድን የሰፈሩን ታሪክ ነገርናቸው። በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ ጎንደር ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በ1678 ትእዛዙ ታደሰ። ሙስሊሙም ከኮረብታው ግርጌ ወርዶ ሰፈረ፤ ሰፈሩም እስላም ቤት ተባለ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። በደጋው አገር ለሙስሊም ርስት መያዝ በአብዛኛው የተከለከለ ስለነበር፣ ኑሮውን በንግድና በሽመና መሠረተ። ያ ክልከላ ከሥሩ የተነቀለው የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ነው።

«ታዲያ ያልኩት ልክ ነዋ!» አለ ልጁ።

«ቆይ፣ ገና አልጨረስንም» አልነው። የአፄ ዮሐንስ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ከነልጃቸው የቆዳ ሕመም ይዟቸው ሐኪም አስፈለጋቸው። ከግብፅ ሐኪም እንዲያመጣ የታዘዘው ሐጂ ዓሊ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ሐጂ ዓሊ በ1698 እ.ኤ.አ. ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ሐኪም ከካይሮ ይዞ ተነሣ፤ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ገቡ። ይኸው ሐኪም የጎንደር ሙስሊሞች በከተማው ታችኛ ክፍል ተለይተው እንደሚኖሩ ጽፏል። አባትየው ወደ ታች ያወረዱትን ሕዝብ፣ ልጅየው ነፍሳቸውን በአንዱ እጅ አደራ ሰጡ። ልጁ ዝም አለ።

አዲስ ዓለም ደርሰን ዐስርን ሰገድን። ከመስጊድ ስንወጣ አንድ አዛውንት ሸማኔ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ከጎጃም መሆናችንን ሲሰሙ ቤታቸው አስገቡን።

«ላይ ግንቡ ጋ ደርሳችሁ መጣችሁ?»

«አዎ፣ አባታችን።»

«መልካም። እነዚያ ነገሥታት የለበሱትን ማን ሸመነላቸው? እሱን ጠይቃችኋል?»

ማንም አልመለሰም። ያ ልጅ ግን አስፈቅዶ መወርወሪያውን ያዘ፤ እስክንነሣም አልለቀቀውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በተከበረው የረመዳን ወር፣ ጎንደር ውስጥ ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደርሶ የብዙዎች ሕይወት ጠፋ፤ መስጊዶችም ተቃጠሉ። በዚያ ሌሊት ልጁ ስልክ ደወለልን። «ኡስታዝ፣ ሸማኔው አባት ደኅና ይሆኑ?» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልካቸውን አልያዝንም ነበርና የምንመልሰው አጣን። አብረን ዱዓእ አደረግን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባን። ያ ልጅ ያለቀሰው ለሰው አገር አልነበረም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ከመጽሐፍ ያጡትን በእግራቸው ያግኙት። ጎንደር መሄድ ባንችል እንኳ በየከተማችን የነጋዴው፣ የሸማኔው፣ የመስጊዱ ሰፈር አለ። ያለፈውን በደል አንደብቃቸው፤ ቂምም አናውርሳቸው። በደሉን ከአደራው ጋር፣ ግንቡን ከሸማው ጋር አንድ ላይ እናሳያቸው። አገሩ የእሱ መሆኑን ያወቀ ልጅ ለጎረቤቱም ይራራል፣ መብቱንም በአደብ ይጠይቃል።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ለሞቱት ይማርልን። አሚን።