ሕፃናት መሬት ይርገጡ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃና በኪራይ ቤት ልጅ የምናሳድግ ሁሉ፣ ወላጆቻችን እኛን ያሳደጉበት ጓሮና ሰፊ ደጅ ስለቀረብን፣ የሕፃኑ ዓለም በአንድ ሳሎን፣ በአንድ በረንዳና በአንድ ደረጃ ተወስኖ ይገኛል። ስለ ሆዱ እንጨነቃለን፤ ስለ ልብሱና ስለ ክትባቱም እናስባለን፤ ስለ እግሩና ስለ ጣቶቹ ግን፣ በራሳቸው ጊዜ ይበረታሉ ብለን ችላ ማለታችን እጅግ ያሳስበኛል።

በራሳቸው ጊዜ መበርታታቸውስ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳስታወቀው፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 ወር ገደማ እስከ 9 ወር፣ ያለ ረዳት መራመድ ደግሞ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል፤ ከመቶው 4 ያህሉም በእጅና በጉልበታቸው ዳዴ ሳይሉ ቆመው የሄዱ ናቸው። ስለዚህ «የእገሊት ልጅ በዘጠኝ ወሯ ስትሄድ የእኔ ገና ወፌ ቆመች ይባልለታል» እያለች ቡና ላይ የምታዝን እናት ልቧን ታሳርፍ። ዳሩ ግን ጊዜ የሚሠራው ሕፃኑ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ሲያገኝ ነው።

በኒው ዮርክ ካረን አዶልፍ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በነፃነት ሲጫወቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቆጥረው አገኙ። እኛ ግን ልጁ ገና ሲንገዳገድ «እኔን!» ብለን ከመሬት እናነሣዋለን። በብሎካችን ደረጃ ላይ አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን የጎረቤት ልጅ አተኩሬ ተመልክቼዋለሁ፤ ሲወጣ ሁለት መዳፉን በላይኛው ደረጃ ላይ አኑሮ አንዱን ጉልበት አስከትሎ ይሳባል፤ ሲወርድ ግን ፊቱን ወደ ደረጃው መልሶ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ የእግሩ ጣት ሲሚንቶውን እስኪነካ ድረስ ክብደቱን አይለቅም። ይህን ብልሃት ማንም አላስተማረውም፤ እናቱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላ፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ ልትይዘው ግን ተዘጋጅታ መቆሟ በዓይኔ ከትምህርት የሚበልጥ ትዕግሥት ነው።

ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ ሙቀቷን እየተካፈለ ማደጉ ከአበው የወረስነው በጎ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በጋሪም ሆነ በሰው ጀርባ ላይ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ገና ዳዴ የማይል ጨቅላ ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በጠቅላላው ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅም በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል። በገጠር ከአንቀልባ የወረደ ልጅ ወደ ሣርና ወደ አፈር ይወርድ ነበር፤ የእኛ ከጀርባ ወርዶ ሶፋ ላይ፣ ከስልክ ፊት ይቀመጣል። ያው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም።

ስለ ፀሐይም ዝም ማለት አይቻለኝም። በከተማችን በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ታመው ከገቡ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ፣ ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 500 መካከል ግን 20ው ብቻ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መልፈስፈስ ተገኝቶባቸዋል። ሪኬትስ እግርን ያጎብጣል፣ መራመድን ያዘገያል፤ ዋነኛ መነሻውም ሰውነት ከፀሐይ የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ ማነስ ነው። ብርዱንና ዓይነ ጥላውን ፈርተን የምንሸፋፍነው ጨቅላ፣ በተዘጋ መስኮት የሚገባው ብርሃን ቢያሞቀውም ለዚህ አይጠቅመውም፤ ቫይታሚኑን የሚያስገኘውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋልና።

ወደ እጅ ልምጣ፤ ጥበበ እድ የሚጀመረው በማእድ ነውና። ከ9 እስከ 10 ወር ገደማ ሕፃኑ ትንሽ ነገርን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ ማንሣት ይጀምራል፤ በዓመት ከመንፈቁ እስክርቢቶ ጨብጦ ይሞነጫጭራል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ስድስት ያህል ኩብ ይደረድራል። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን የዓመት ልጅ ፊት ቁራሽ እንጀራ አኑራችሁ ተመልከቱት፦ በአንድ እጁ ይጫነዋል፣ በሌላው ይስበዋል፣ ይቀደድለታል፤ የቀደደውን በሽሮው ላይ አሽቶ ግማሹን ወደ አፉ፣ ግማሹን ወደ ጉንጩ ያደርሰዋል። ያ ሁሉ ለእጁ ትምህርት ነው፤ ልብሱም ይታጠባል። ውድ መጫወቻ አያስፈልግም፤ ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ፣ እርስ በርሱ የሚገባ ኩባያ፣ በእናቱ አጠገብ ሰፌድ ላይ የሚነካካው ምስር ይበቃዋል። ቆሎና ፈንዲሻ ግን ትንፋሽ ይዘጋሉና ይራቁለት፤ ከምስሩም ዓይን አይነሣ።

ወደ መጫወቻ ስፍራው ስመለስ፣ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ በክፍለ ከተማችን ቢሆንም ከጀሞ ለሚነሣ ታክሲ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የብሎክ ኮሚቴዎች በመኪናና በሮቶ ከተያዘው ግቢ አንዲት ጥግ ለሕፃናት እንዲለዩ እማጸናለሁ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር አስፋልቱን ለአንድ ጠዋት ለእግረኛ መልቀቅ ከተቻለ፣ የሦስት መኪና ማቆሚያ መልቀቅ አይከብድም።

ልጃችሁ 18 ወር ሞልቶት ብቻውን ካልተራመደ፣ የሚያውቀውን እንቅስቃሴ ከተወ፣ ወይም ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ በአቅራቢያችሁ ባለው ጤና ጣቢያ አሳዩት። በዚያ ዕድሜ አንዱን እጅ ብቻ መምረጥ የሌላው ድካም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ግራ እጁን ቢያስቀድም በሽታ አይደለምና አትቆጡት፣ እጁንም አትምቱት።