ስድስት ኪሎ፦ ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ሐኪሙ ደጅ

ዛሬ ከእኛ ጋር ወደ ስድስት ኪሎ ብቅ በሉ። የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት በቆመበት አደባባይ አጠገብ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ ታገኛላችሁ። ከዛፎቹ ወዲያ የሚታየው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ተመርቋል። ዛሬም ልጃገረዶች ደብተራቸውን ታቅፈው ከቤተ መጻሕፍት ወደ መማሪያ ክፍል ሲመላለሱበት ይታያሉ።

በእነዚህ ልጆቻችን ዕድሜ ስለሚታይ፣ ነገር ግን ስለማይነገር አንድ ሕመም ልናወጋችሁ እንወዳለን። ሐኪሞች ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ መቶ ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑትን ይይዛል፤ ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመማቸው በሐኪም አልታወቀላቸውም። መቶ ልጃገረዶች በተቀመጡበት አዳራሽ አሥር ያህል ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? የወር አበባ ከ35 ቀን በላይ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለወራት ይቀራል። በአገጭና በከንፈር ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ ብጉር ይበዛል፤ በአንዳንዶቹም ክብደት ይጨምራል። የወንድ የሚባለው ሆርሞን ከልኩ ማለፉና ኢንሱሊን በሚገባ አለመሥራቱ እንቁላል በጊዜው እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥም ይታያል።

ልጅቱ ግን «የፈተና ጭንቀት ነው» ብላ ታልፈዋለች፤ ፀጉሩንም ተደብቃ ትላጫለች። እናትም «ስታገቢ ይስተካከላል» ትላለች። ይህ በሽታ ሳይታከም ሲቆይ ለስኳር በሽታና ለማኅፀን ግድግዳ ካንሰር የሚያጋልጥ በመሆኑ ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል።

እናቶች ሆይ፣ ሕመሙ መካንነት ማለት አይደለም። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት ባይኖርም፣ የወር አበባን የሚያስተካክል ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ የተመጣጠነ ምግብና የአካል እንቅስቃሴ ይረዳሉ፤ ብዙዎችም በሕክምና ርዳታ ይወልዳሉ። የወር አበባ ማየት ከጀመረች 8 ዓመት ያልሞላት ልጅ ግን በአልትራሳውንድ ብቻ ታማሚ ልትባል አይገባም።

ከዩኒቨርሲቲው ብዙ ሳይርቅ የካቲት 12 ሆስፒታል ይገኛል። መንገዱ አጭር ነው፤ የሚያረዝመው ዕፍረት ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ለዕረፍት ቤት ስትመጣ የትምህርት ውጤቷን ከጠየቃችሁ በኋላ፣ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣም በለሰለሰ አንደበት ጠይቋት።